የስንዱ ገንፎና ያልተቀነሰው መብራት

ተረት ላምጣ? አምጣ ያላችሁ ቁጭ በሉ። አታምጣ ያላችሁም ቁጭ በሉ፤ ማምጣቴ አይቀርም።

ትርንጎ የምትባል ባለባጃጅ ነበረች። ቁመቷ አጠር፣ ምላሷ ረዘም ያለ፣ ልቧ ግን ለእህቷ የሚሳሳ። አንድ ቀን ይህች እህቷ፣ ስንዱ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለች። እልል በሉ! ስንዱ ግን ሾርባ ቢያመጡላት እንቢ፣ ዳቦ ቢያመጡላት እንቢ፣ አጥሚት ቢያመጡላት እንቢ።

«የአክስቴ የእትዬ ደብሪቱ ገንፎ ካልመጣ እህል በአፌ አይዞርም» አለች። «እሱም ትኩሱን!»

ነርሷ ተቆጣች። «አንቺ ካልበላሽ ልጅቷ ምን ልትጠባ ነው?» ስንዱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንግዲህ ጠቅላላ ጉዳዩ ይኸው ነው፤ አንድ ድስት ትኩስ ገንፎ።

እትዬ ደብሪቱ ገንፎውን አገነፉ። መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬ ሞሉበት፤ ድስቱን በጋቢ ጠቅልለው ታቀፉና ባጃጇ ውስጥ ገቡ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኗል። ትርንጎ ቁልቁለቱን ወርዳ ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ከማዶ አንድ ሚኒባስ ረጅም መብራቱን ቦግ! አደረገባት። የድልድዩን የግራ መከታ ያለፈው ክረምት ጎርፍ ወስዶታል። በዚያ መብራት ፊት የቱ መንገድ፣ የቱ ገደል እንደሆነ አይለይም። ትርንጎ ፍሬን ያዘች። ጤና ጣቢያው ገና ሩቅ ነው፤ በእግር እንዳይሄዱ የእትዬ ደብሪቱ ጉልበት አይችልም።

«እትዬ፣ ገንፎው እንዴት ነው?»

«እጄን ሊልጠው ነው!» አሉ እትዬ ደብሪቱ ደስ ብሏቸው።

ትርንጎ ወረደች። በቀኝ በኩል የቀረውን መከታ እየዳሰሰች ተሻገረችና የሚኒባሱን መስኮት አንኳኳች።

«ወንድሜ፣ መብራት ቀንስልኝ። አንተ ካልቀነስክ ባጃጇ አትሻገርም፤ ባጃጇ ካልተሻገረች ገንፎው አይደርስም፤ ገንፎው ካልደረሰ ስንዱ አትበላም።»

ሹፌሩ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ጎረምሳ ነው። «እኔ ልቀንስ? ከኋላሽ የቆመውን አይሱዙ አታዪውም እንዴ? ዓይኔን አጠፋው እኮ! እሱ ይቀንስና እቀንሳለሁ።»

እውነትም ከባጃጇ ኋላ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ደርሶ ቆሟል። ትርንጎ እየሮጠች ተመለሰች፤ በባጃጇ አጠገብ ስታልፍ እትዬ ደብሪቱ «ያቃጥላል፣ አይዞሽ!» አሏት።

«ወንድም ጋሼ፣ መብራት ቀንስልኝ» አለች። «አንተ ካልቀነስክ ሚኒባሱ አይቀንስም፤ ሚኒባሱ ካልቀነሰ ባጃጇ አትሻገርም፤ ባጃጇ ካልተሻገረች ገንፎው አይደርስም፤ ገንፎው ካልደረሰ ስንዱ አትበላም።»

«የኔ እህት፣ እኔማ ሰው አላስቀይምም» አለ የሽንኩርቱ ሹፌር፣ ዓይኑን በክንዱ ጋርዶ። «ባለጌው ያ ማዶ ያለው ቅጥቅጥ ነው። ከሚኒባሱ በላይ አናቱን አውጥቶ ፊቴን ይጠብሰኛል። እሱ ይቀንስና እቀንሳለሁ።»

ትርንጎ መለስ ብላ መከታውን ያዘች። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ «ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ሹፌሩ ግን ጺሙን እያፍተለተለ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እባክዎ መብራት ይቀንሱልኝ። እርስዎ ካልቀነሱ አይሱዙው አይቀንስም፤ አይሱዙው ካልቀነሰ ሚኒባሱ አይቀንስም፤ ሚኒባሱ ካልቀነሰ ባጃጇ አትሻገርም፤ ባጃጇ ካልተሻገረች ገንፎው አይደርስም፤ ገንፎው ካልደረሰ ስንዱ አትበላም።»

«ስንዱ ማን ናት?» አለች አንዲት ተሳፋሪ ከኋላ።

«አራስ ናት!»

«እሰይ! ማርያም በሽልም አወጣቻት!» አሉ ተሳፋሪዎቹ በአንድ አፍ። ሹፌሩ ግን ንቅንቅ አላለም። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። አሠራሩን አውቃለሁ። ከአይሱዙው ኋላ ያለው ቦቴ ነው መቀነስ ያለበት። እሱ ይቀንስና እቀንሳለሁ።»

የትርንጎ አንጀት አረረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቁልፍ መጫን አቅቶት! እንዲህ ማለት አማራት፣ ግን ጊዜ የላትም። ወደዚህኛው ማዶ ስትመለስ እትዬ ደብሪቱ ድስቱን በጋቢው ላይ በነጠላ ደርበውበታል።

«አሁንስ እንዴት ነው?»

«ይሞቃል» አሉ። ያቃጥላል አላሉም፤ ይሞቃል አሉ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ሮጠች።

የቦቴው ሹፌር ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳ ነበር። እሷም ትንፋሽ አጥሯት ጀመረች፦ «ወንድሜ... መብራት ቀንስልኝ። አንተ ካልቀነስክ ቅጥቅጡ አይቀንስም፤ ቅጥቅጡ ካልቀነሰ አይሱዙው አይቀንስም፤ አይሱዙው ካልቀነሰ ሚኒባሱ አይቀንስም፤ ሚኒባሱ ካልቀነሰ... ቆይ ትንሽ ልተንፍስ... ባጃጇ አትሻገርም፤ ባጃጇ ካልተሻገረች ገንፎው አይደርስም፤ ገንፎው ካልደረሰ ስንዱ አትበላም።»

«አይ የኔ እናት፣ ደክሞሻል!» አለ ሰውየው ከልቡ አዝኖ። «ሻይ ልቅዳልሽ? ስኳር ስንት ይሁን?»

«ሻይ አልፈልግም! መብራት!»

«ሻይ በደስታ፣ ውሃ በደስታ፣ ብስኩትም አለኝ። መብራት ግን አይሆንም። ማዶ፣ ዳገቱ ላይ የቆመው ትራክተር ግንባሬን በሳው። እሱ ይቀንስና እቀንሳለሁ።»

ትርንጎ በአይሱዙው አጠገብ፣ በባጃጇ አጠገብ፣ በሚኒባሱ አጠገብ፣ በቅጥቅጡ አጠገብ አልፋ ዳገቱን ወጣች። ትራክተሩ ላይ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ሽማግሌ ኮርቻ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ትርንጎ እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው።

«አባባ፣ በልጆችዎ ይሁንብዎ፣ መብራት ይቀንሱልኝ። እርስዎ ካልቀነሱ ቦቴው አይቀንስም፤ ቦቴው ካልቀነሰ ቅጥቅጡ አይቀንስም፤ ቅጥቅጡ ካልቀነሰ አይሱዙው አይቀንስም፤ አይሱዙው ካልቀነሰ ሚኒባሱ አይቀንስም፤ ሚኒባሱ ካልቀነሰ ባጃጇ አትሻገርም፤ ባጃጇ ካልተሻገረች ገንፎው አይደርስም፤ ገንፎው ካልደረሰ ስንዱ አትበላም፤ ስንዱ ካልበላች ያቺ ትንሽ ልጅ ምን ትጥባ?»

ጋሽ ዘርጋው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኔ መች ጠላሁ? ከሁሉም ጋር ሰላም ነኝ። ግን እዚያ ታች፣ ድልድዩ አፍ ላይ፣ አንዲት አንድ ዓይና ነገር አለች፤ ትንሽ ናት፣ ተንኮሏ ግን አይጣል ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላብኛለች። እሷ ትቀንስና እቀንሳለሁ።»

ትርንጎ ወደ ታች ተመለከተች። ድልድዩ አፍ ላይ አንዲት አንድ ዓይና መብራት ሽቅብ ትንቦገቦጋለች። የማን ናት? የማን ትሁን! የትርንጎ ባጃጅ ናት!

ይህን አልነገርኳችሁም ነበር፤ እሷም አልነገረችኝም። ለካ መጀመሪያ ሚኒባሱ ሲያበራባት እሷም በእልህ ረጅሙን ለቃበት፣ እንደለቀቀችው ነበር የወረደችው። ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። «የኔማ ትንሽ ናት» ልትል ነበር። «መጀመሪያ ሚኒባሱ ይቀንስ» ልትልም ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ግን ስንዱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታየቻት። በራሷ አፈረች፤ ደግሞም ሳቋ መጣ። እየሳቀች ቁልቁለቱን ተንደረደረች።

ባጃጇ ውስጥ ዘልላ ገባች። እትዬ ደብሪቱ ድስቱን ዳሰሱና ነጠላውን ጠበቅ አደረጉበት። ትርንጎ ቁልፏን ጠቅ አደረገች፤ ባጃጇ ቀነሰች።

ባጃጇ ስትቀንስ ትራክተሩ ቀነሰ፤ ትራክተሩ ሲቀንስ ቦቴው ቀነሰ፤ ቦቴው ሲቀንስ ቅጥቅጡ ቀነሰ፤ ቅጥቅጡ ሲቀንስ አይሱዙው ቀነሰ፤ አይሱዙው ሲቀንስ ሚኒባሱ ቀነሰ፤ ድልድዩም ከነጠርዙ፣ ከነስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ሰዎቹም እርስ በርስ ተያዩ። «አንተ ነህ እንዴ?» አለ ሚኒባሱ። «አንተ ኖረሃል?» አለ አይሱዙው። ለካ ሁለቱ አማቾች ናቸው! «ደህና ነህ? ልጆቹ ደህና? እናትህ ደህና? ከብቱስ?» እያሉ ድልድዩ መሀል ሊተቃቀፉ ወረዱ።

«ኧረ ሰላምታውን በኋላ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «ገንፎ ይዣለሁ!»

አማቾቹ ወደየመኪናቸው ሮጡ፤ ሚኒባሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ ባጃጇም ተሻገረች። የቅጥቅጡ ተሳፋሪዎች «እልልልል!» ብለው አሳለፏት፤ ጋሽ ዘርጋውም ባርኔጣቸውን አነሱላት። የቦቴው ሹፌር ምን እንዳደረገ ግን አላየሁም፤ ሻይ ሳይቀዳ አይቀርም።

ጤና ጣቢያው ደረሱ። እትዬ ደብሪቱ ነጠላውን ገለጡ፣ ጋቢውን ፈቱ፣ ክዳኑን ከፈቱ። ጠርዙን በጣታቸው ነካ አድርገው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ስንዱዬ፣ ቀዝቅዟል። ይቅር በይኝ» አሉ።

ስንዱ ከአልጋዋ ቀና አለች። ለአክስቷ ብላ አንድ ጉርሻ ቆረሰች፤ ወደ መሐል ገባ አድርጋ ቅቤው ውስጥ ነከረችና ጎረሰች።

«ውይይይ! አፌን! አፌን!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ምን መቀዝቀዝ ነው፣ እሳት ነው እንጂ!»

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ ነርሷም ሳቀች፤ እትዬ ደብሪቱ እያለቀሱ እልል አሉ። ገንፎው ስለደረሰ ስንዱ በላች፤ ስንዱ ስለበላች ልጅቷ ጠባች፤ ልጅቷ ስለጠባች ተኛች። ያ ሁሉ ጩኸት አልቀሰቀሳትም።

ተረቴም ማዶ ተሻገረ፤ ከድስቱ የተረፈውን ለእኔ አቆዩልኝ።