የዳኛው ሰላም

አንዲት ጥቁር እናት ነበረች፤ ስሟ ሎሬታ። የጥቁር ሰው ነፍስ በረከሰበት በአንድ የአሜሪካ ከተማ ትኖር ነበር። አንድ ልጇን ፖሊስ በጥይት ገደለባት። ልጁ ባዶ እጁን ነበር። ዳኛው ግን ፖሊሱ ደንግጦ ነው ብለው በነጻ አሰናበቱት።

ከዚያ ወዲህ ሎሬታ እንቅልፍ አጣች። ጥርሷን ስታፋጭ አድራ መንጋጋዋ ይዝላል፤ የቀመሰችው ሁሉ ሬት ሬት ይላታል። ዘመዶቿ ለእግዜር ስጪው አሏት፤ መስጠቱ አቃታት። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቷ ወደ አንድ የቡድሃ መነኩሴ ጸሎት ቤት ወሰደቻት።

ሽማግሌው መነኩሴ አላጽናኗትም። ተቀምጣ ትንፋሿን እንድታደምጥ፣ ሐዘኑ ሲመጣም እንዳትሸሸው ብቻ ነገሯት። ሎሬታ ተቀመጠች። አለቀሰች። ውሎ አድሮ መንጋጋዋ ላላ፤ የልጇን ስም ጠርታ መተንፈስ ቻለች።

አንድ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ፊት ለፊቷ ዳኛው ተቀምጠዋል። እግራቸውን አጣጥፈዋል፤ ፊታቸው እንደ ረጋ ወተት ነው። ለካ ከእሷ በፊት ለዓመታት እዚያ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ጸሎቱ ሲያበቃ ዳኛው አወቋትና ቀረብ አሉ።

«እህቴ፣» አሏት በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቁጣ የሚያቃጥለው የያዘውን ሰው ነው። ልቀቂው። እኔ እዚህ ሰላሜን አግኝቻለሁ።»

ሎሬታ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቡድሃ አስቀድሞ ያስተማረው ‹ስቃይ አለ› ብሎ ነው። እርስዎ ግን እሱን ዘለው ነው ሰላም ላይ የደረሱት፤ የዘለሉት ደግሞ የኔን ልጅ ነው።»

ዳኛው ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ። ሎሬታ ወደ መነኩሴው ዞረች። እሳቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ የቤቱን ጣራ ያሠሩላቸው ዳኛው ናቸውና።

ዳግመኛ እዚያ ቤት አልረገጠችም። የተማረችውን ግን ይዛ ሄደች። ልጆቻቸው እንደ ልጇ የተገደሉባቸውን እናቶች ሰብስባ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ትቀመጥ ጀመር። በዝምታ ይተነፍሳሉ፤ ከዚያ የልጆቻቸውን ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ። ጠባቂዎቹ ያባርሯቸዋል፤ ተመልሰው ይመጣሉ። ፍርዱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ዳኛውም እንቅልፋቸው ደኅና ነው ይባላል።

ቁስልን የሚያጥብ ዝምታ አለ፤ ደም የነካውን እጅ የሚያጥብ ዝምታም አለ። ከሩቅ ላያቸው አንድ ይመስላሉ። ፈውስ ማለት በደልን መርሳት አይደለም፤ ሳይሰበሩ በደሉን ፊት ለፊት ማየት ነው። እኛስ የተበደለን ሰው «ተረጋጋ» ስንለው፣ ለእሱ አስበን ነው ወይስ ጩኸቱ ስለረበሸን?