የሸክላ ሠሪዋ አበልጅ

በአንድ ወቅት ከአዝዋሪ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ዓይነት ክርስቲያኖች ይኖሩ ነበር። ወዲህ ያሉት አራሾች፣ ወዲያ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ጾማቸው አንድ፣ ታቦታቸውም አንድ ነው። ነገር ግን አራሾቹ «የሸክላ ሠሪ ዘር ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል» እያሉ ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርሱም፣ አይጋቡም። በድስቱ ወጥ ይሠራሉ፤ ድስቱን የሠራችውን ሴት ግን ከደጃፋቸው አያሳልፏትም። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚያስቀድሱትም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ነበር።

በዚያ አገር ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ልሳነወርቅ የደብሩ ቄስ ነው። መካከለኛው መንበሩ ሚስትና ልጆች ያሉት ገበሬ ነው። ታናሹ አስናቀ ለማግባት ቀን የተቆረጠለት ጎረምሳ ነው።

አንድ ክረምት ትኩሳት ገባና በአንድ ሳምንት ሦስት ሕፃናት ሞቱ። ከሦስቱ አንዷ የመንበሩ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ስንዱ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰበሰበ። «ልጆቻችንን በሏቸው እኮ! ዝም ብለን ልናይ ነው?» አለ አንዱ። ሌላው ችቦ ለኮሰ። ወደ ወንዙ ጎረፉ።

ቄስ ልሳነወርቅ በአቋራጭ ቀደማቸውና መስቀሉን ይዞ መሻገሪያው ላይ ቆመ።

«ይህን ውሃ የሚሻገረውን አውግዤዋለሁ!» አለ።

«አባ፣ ልጆቻችን ሲሞቱ የት ነበሩ?»

«ስቀብራቸው ነበርኩ። ትኩሳት ሲገድላቸው አይቻለሁ፤ ሰው ሲበላቸው አላየሁም።»

ግዝቱን ፈርተው ግማሽ ቀን ያህል ቆሙ። ኋላ ግን ድንጋይ ተወረወረ፣ የቄሱ ክንድ ተሰበረ። ገፍትረውት ተሻገሩ።

እሱ መሻገሪያው ላይ ሳለ መንበሩ በታችኛው መልካ ተሻግሮ ነበር። ልጁን ከቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ገብቶ «ተነሡ፣ ተከተሉኝ» አለ። አሥራ አራቱንም በገደሉ ሥር አዙሮ ከራሱ በረት ጀርባ ካለው የጭድ ቤት አስገባቸው። ከመካከላቸው ጥሩዬ የምትባል ሴት ምጧ መጥቶ ነበር፤ ድምፅ እንዳይሰማባት ነጠላዋን ነክሳ ተኛች። ሰዎቹ መንደሩን ባዶ ሲያገኙት ዱካቸውን ተከትለው መንበሩ ደጅ ደረሱ።

«እዚህ ገብተዋል ይባላል። ወንጌል ይዘህ ማልልን» አሉት።

መንበሩ ወንጌሉን ያዘ። «ከቤቴ ሸክላ ሠሪ የለም» ብሎ ማለ። ልጁን ያጣ አባት ገዳዮቿን ይደብቃል ብሎ ማን ይጠርጥር? ተመልሰው ሄዱ። ጥሩዬ ብዙም ሳይቆይ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

በኋላ ሲሰናበቱ ጠየቀችው። «ጋሼ መንበሩ፣ ስንዱን እኛ በላናት ብለው ያምናሉ?»

እሱም መለሰላት። «አላውቅም፣ እህቴ። አንዳንዴ አዎ እላለሁ። ሰው ሲቃጠል ግን ቆሜ አላይም።»

ታናሹ አስናቀስ? አስናቀ ችቦ ከያዙት አንዱ ነበር። የመጀመሪያውን ጎጆ ያቃጠለው እሱ ነው፤ ጎጆው የጥሩዬና የባሏ የሽባባው ነበር። ሣሩ ሲቀጣጠል በበሩ ወደ ውስጥ አየ። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ሥሩም ለሚወለደው ልጅ የተዘጋጀ ትንሽ ጥብቆ ተሰቅሏል። ምን እንደነካው ራሱም አያውቅም፤ ዘሎ ገባ። ሥዕሉን ይዞ ሲወጣ ሁለት እጆቹ ተልጠው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሞ «ቤታቸውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። በሬውን ሽጦ እንጨት ገዛ፣ ወንዙን ተሻግሮ አብሯቸው ጎጆ ቀለሰ፣ ከገበታቸው በላ። የእጮኛው ዘመዶች ይህን ሲሰሙ ቃላቸውን አፈረሱ። ጎጆዎቹ ካለቁ በኋላም አልተመለሰም፤ እዚያው ለሸክላው ጭቃ ይረግጣል።

አሁን ሕፃኑ ክርስትና የሚነሣበት አርባኛው ቀን ደረሰ። ጥሩዬ የክርስትና አባቱ ከወንዙ ወዲህ እንዲሆን ፈለገች። አበልጅነት እስከ ልጅ ልጅ የማይፈታ ዝምድና ነውና። የክርስትና አባት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሦስቱም ወንድማማቾች፣ ሳይነጋገሩ፣ «እኔ ላንሣው» ብለው ላኩባት።

የሸክላ ሠሪዎቹ ታላቅ እማማ ቦጋለች «ቄሱ ያንሣው» አሉ። «በአደባባይ፣ በፀሐይ፣ በሁሉ ፊት የተናገረልን እሱ ነው። ባያቆማቸው ኖሮ መንበሩስ መቼ ይደርስልን ነበር? አሁንም ከአጥሩ ውስጥ ያስገባን እሱ ነው።»

ሽባባው ግን ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ሃያ ዓመት ከአጥር ውጭ ስንቆም ያ መስቀል በእጁ ነበር። ልጄ በሕይወት ያለው በመንበሩ ነው። ለእኛ ሲል በወንጌል በሐሰት ማለ፤ ነፍሱን አስያዘልን።»

«ቡዳ ናችሁ ብሎ የሚጠረጥረን ሰው?» አሉ እማማ ቦጋለች። «ልጁን በምን ዓይኑ ሊያየው?»

«ሳይጠረጥር ቢያድነንማ ምን ይገርማል!»

ጥሩዬ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። «ሁለቱም ደግ ሠርተው ቤታቸው ገቡ» አለች። «አስናቀ ግን አልገባም። ከሳህናችን የሚበላው እሱ ብቻ ነው።»

ባሏ ደነገጠ። «ቤታችንን ያቃጠለውን? እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያኖርኩትን የእጇን ገንቦ ሳይቀር ነው እኮ ያጠፋው! የሠራው ራሱ ያቃጠለውን ነው፤ ዕዳውን የከፈለ ሰው ይመሰገናል እንዴ?»

«ሌሎቹ አቃጣዮችስ ከፈሉ?» አለች።

ክርክሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አብሯቸው ሄደ። በልሳነወርቅ ፋንታ ለማጥመቅ የመጣው የጎረቤት ደብር ቄስ ውሃውን ባርኮ ጨርሷል። ሦስቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዳቸውም ሌላውን አይገፋም፣ አንዳቸውም ወደ ኋላ አይልም። ዲያቆኑ ቀና ብሎ «የክርስትና አባቱ ማን ነው?» አለ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ጥሩዬ ዞረ። እሷም ልጁን ከጀርባዋ ፈታችው።

ይህን የነገሩኝ ሰዎች ከዚህ በኋላ ያለው ላይ ሳይስማሙ ነው የተለያዩት። እኔም ብዙ አስቤበት አንዱን ስመርጥ ሌላው ያሳዝነኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጥሩዬን ብትሆኑ ልጁን ለማን ታስታቅፉት ነበር?