ተልባ መድፊያ

ከጎሽ ውሃ ገበያ በላይ፣ መንገዱ ወደ ቆላው ሊወርድ ሲል፣ ሰፊ ጥቁር አለት የተነጠፈበት ተረተር አለ። አገሬው ተልባ መድፊያ ይለዋል። ክረምቱ ወጣ ሲል ከአለቱ ስንጥቅ ሁሉ ቀጫጭን አገዳ ይበቅልና ሰማያዊ አበባ ያብባል፤ የዘራውም የለም፣ የሚያጭደውም የለም። ስሙ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎች ሲያወጉ አንዱ እንዲህ ነበር፣ ሌላው እንዲያ ነበር ቢልም፣ የማንያህልሻል ቁጣ ያወጣው ስም መሆኑን የሚክድ የለም።

ማንያህልሻል፣ እንደሚነገረው፣ በደጋው ጫፍ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ነበረች። ባሏ ጥማድ በሬ ትቶላት ነበር፤ አንደኛው በበጋው ታሞ ሞተ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለተኛ ካልተገኘ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የልጆቿን ቀለብ ግማሽ ለሰው ልታስረክብ ነው። የባሏ ወንድም አያ ሽበሺ የእሷን በሬ ከራሱ ጋር አቀናጅቶ ለአንድ ዓመት አረሰላት፤ «ከርሞ ግን አልችልም፤ በሬ ፈልጊ» አላት። እሷም ከቤቷ በላይ ያለውን መሬት ሁሉ ተልባ አስዘራችው፤ ነጋዴ ለዘይት አጥብቆ የሚፈልገው፣ በሬ ሊያስገዛ የሚችለው እሱ ነበርና።

ተልባ አረም አይችልም። ማንያህልሻል ትንሿን ልጇን አዝላ፣ በጉልበቷ እየዳኸች አረሙን በጣቷ ለቀመች። ፍሬው ቡናማ ሲሆን ነቅላ በነዶ አሰረች፤ በአውድማ ላይ በዱላ ወቃችው፤ ኃይለኛ ነፋስ ፍሬውን ከገለባው ጋር ይዞት ይሄዳልና ለስለስ ያለው እስኪመጣ ተቀምጣ ጠብቃ ለነፋስ ሰጠችው። ንጹሑን ተልባ ጆንያ ውስጥ ስትጨምር በሬው በረት የገባ ያህል ተሰማት ይባላል።

በዚያ ዘመን የጎሽ ውሃ ገበያ ሹም ባላምባራስ ድልነሳሁ የሚባል ሰው ነበር። በገበያው ከእሱ ቁና በቀር በሌላ መስፈር አይፈቀድም። ከቁናው ሥር ሰፊ የበሬ ቁርበት ይነጠፋል፤ ቁርበቱ ላይ የወደቀ እህል የሹሙ ነው። ገብስና ባቄላ ሲሰፈር የሚወድቀው ጥቂት ነውና ሰው ብዙም አያማርርም። ተልባ ግን አይከመርም፤ ቁናው ሞልቶ ጫፍ ሊያወጡለት ቢሞክሩ ሙልጭልጭ እያለ ይወርዳል። ሹሙ ይህን እያወቀ ተልባም እንደ ገብሱ ተከምሮ ይሰፈር ብሎ አዘዘ። ሰፋሪው ያፈሳል፣ ተልባው ይንሸራተታል፣ ሰፋሪው ገና ነው ብሎ ይጨምራል፤ አንዱ ቁና ሞላ እስኪባል ቁርበቱ ላይ ሌላ ቁና የሚያህል ይተኛል። ሴቶቹ ይህን ለዓመታት እያዩ፣ ለየብቻቸው እያጉረመረሙ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

የማንያህልሻል ተራ ደረሰ። ሰፋሪው ሲያፈስ፣ ሲጨምር፣ ጆንያዋ እየጎደለ ሲሄድ አየች። በመጨረሻ እጁን ያዘችው።

«አልተከመረም» አላት ሰፋሪው።

«ተልባ ተከምሮ አይተህ ታውቃለህ?»

ባላምባራስ ከተቀመጠበት ዳስ ጥላ ሥር ሆኖ ሰማ። «ምንድን ነው የምትለው?»

«ጌታዬ፣ የማይከመረውን ክመሩ ማለት ዘረፋ ነው እላለሁ» አለች።

ባላምባራስ ሳቀ። «ተልባሽ እንዳንቺ ልክ አያውቅም፤ እኔ ምን ላድርገው? የወደቀው የእኔ ነው።»

ሳቁ ነው አንጀቷን ያሳረረው ይላሉ። የቆሰለ ጉልበቷ፣ ጀርባዋ ላይ ስታለቅስ የዋለችው ልጇ፣ አንድ ጎኑ ባዶ የሆነው ቀንበር ባንዴ መጡባት።

«የወደቀ ሁሉ የእርስዎ ነው?»

«ሁሉም።»

የቀረውን ተልባ በጆንያው አስራ ተሸከመችና ገበያተኛው እያያት ወደ ጥቁሩ አለት ወጣች። እዚያ ላይ የጆንያውን አፍ ፈታ ዘቀዘቀችው። ተልባው እንደ ውሃ እየፈሰሰ በአለቱ ላይ ወረደ።

«ወድቋል» አለች ወደ ዳሱ እያየች፤ «ይልቀሙት።»

ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ቃል ወጥቷት የማታውቅ እትዬ በለጡ የምትባል አሮጊት ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ጆንያዋን እየጎተተች ወጥታ ደፋችው። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያም ሌላዋ። የሹሙ አሽከሮች ሊያፍሱ ሲወጡ ተልባው ከእግራቸው ሥር እየከዳቸው በቂጣቸው ተንሸራተቱ፤ እንደምንም ያፈሱትን ጠጠር የበዛበት ተልባ ነጋዴዎቹ አይተው ተዉት።

ባላምባራስ ማንያህልሻልን ከገበያው ግራር ጋር አሳስሮ አዋላት። አላለቀሰችም፤ አልለመነችም። ነጋዴ ባጠገቧ ሲያልፍ «ተልባ ፈልገህ ከሆነ እሱን ጠይቀው፤ ሁሉም የእሱ ነው» ትል ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ በጎሽ ውሃ ተልባ ይዛ የወጣች ሴት አልነበረችም። በቅሎዎቻቸውን ባዶ የመለሱ ነጋዴዎች ከወንዙ ማዶ ወዳለው ገበያ ዞሩ፤ ጨውና ሸማውም ተከትሏቸው ሄደ። ግብሩ የጎደለበት የአገሩ ገዥ ዳኞች ላከ። ዳኞቹ ተልባ አስመጥተው በፊታቸው ቢያሰፍሩ አልከመር አለ፤ አንደኛው ተነስቶ በገዛ እጁ ሞከረና እፍኙን ይዞ ቀረ ይባላል። ቁርበቱ ይነሳ፣ ተልባ በቁናው አፍ ልክ ይሰፈር፣ ሰፋሪዋም የተልባው ባለቤት ትሁን ተብሎ ተፈረደ።

ባላምባራስ ሽማግሌ ይዞ ለዕርቅ ቤቷ መጣ። እሷ ከደጃፏ ሆና «በሬዬስ?» አለች።

«ተልባውን የደፋሽው ራስሽ ነሽ» አለ እሱ።

ሽማግሌዎቹ «ልጄ፣ ያለፈውን ተይው፤ ይቅር በይ» አሏት።

«መሬቴን ዘንድሮ ሰው እያረሰው ነው። ግማሹ እህሌ ከደጄ ተጭኖ ሲሄድ ቆማችሁ እዩ፤ ያኔ ተይው በሉኝ» ብላ በሩን ዘጋች። በሬውን ሳትገዛ፣ ይቅርም ሳትል እንደሞተች ይነገራል።

ዛሬም በጎሽ ውሃ ተልባ ሰፋሪዋ ሻጯ ራሷ ናት። የቁናውን አፍ በመዳፏ ትጠርግና የተረፈውን ወደ ጆንያዋ ትመልሳለች። የአገሩን ልማድ የማያውቅ ሸማች ምናልባት «ከምሪልኝ እንጂ» ቢላት አትመልስለትም፤ ጆንያዋን አስራ ትነሳለች። ያን ጊዜ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ምን ሆነሽ ሳይሏት ጆንያቸውን ያስራሉ፤ በዚያ ቀን በገበያው ውስጥ ተልባ የሚሸጥለት ሰው አይኖርም።