«ማን ነው የሰበረው?»

እስቲ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ኋላ ያላችሁም ወደፊት ኑ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። የአንድ ሰው ነገር አለ፤ እሱን ላጫውታችሁ።

ይህ ሰው አዳማ ውስጥ የመስኮት መስታወት እየቆረጠ የሚገጥም ሠራተኛ ነው። እጁ የታመነ ነው፤ ዓመት ሙሉ ሠርቶ አንድ መስታወት አይሰብርም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ የሚሄድ። ኮፍያው ለፀሐይ ይመስላችኋል? አይደለም። ሰው እንዳያውቀው ነው።

ምን ሰርቆ? ማንን ገድሎ? ምንም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አገር ያሳቀ ሰው ነው።

እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን የሚታይ አስቂኝ የቤተሰብ ድራማ ነበር። እሱ የቤቱ ትንሹ ልጅ ነው፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ስሙ ድንቡሼ። በየሳምንቱ ብርጭቆ ይሰብራል። እናቱን ሆና የምትሠራው አጸደ ወገቧን ይዛ፣ «ማን ነው የሰበረው?» ትላለች። እሱም ስብርባሪው መሀል ቆሞ፣ «እኔ አይደለሁም» ይላል። አገር በሳቅ ያውካካል። እሷም፣ «በል ታጥበህ ና፣ እንብላ» ትለዋለች። ድራማው በዚያ ያልቃል።

ልጅ ግን ያድጋል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ድምፁ ጎረነነ፣ ጉንጩ ከሳ። በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ገባ። ሌላ ድራማ ልሥራ ብሎ ሲሄድም፣ «እኛ የምናውቀው ድንቡሼን ነው» እያሉ መለሱት። እናቱ ያወጣችለት ስም ይድነቃቸው ነበር፤ ማን ሊያስታውሰው? ትምህርት ቤት ጠርሙስ ቢሰበር ክፍሉ በሙሉ ወደ እሱ ይዞራል። ጎልምሶ ታክሲ ሲሳፈር እንኳ አንዱ፣ «አንተ፣ ድንቡሼ አይደለህ እንዴ? ምነው፣ እስካሁን በታክሲ ነው?» ይለዋል።

ምን ይመልሳል? ያንኑ የለመደውን። «እኔ አይደለሁም።»

አያችሁ ወገኖቼ፣ ያኔ ሲለው ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። አሁን ሲለው ማንም አይስቅም። አዳማ የገባውም የሚያውቀው ሰው እንዳይኖር ብሎ ነው።

አንድ ቀን ሰናይት የምትባል ሴት የሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ልጅ ሆኖ ድንቡሼን የሠራው ሰው እዚህ አለ ብለውኝ ነበር።»

ከመስታወቱ ቀና ሳይል፣ «እኔ አይደለሁም» አላት።

«ነህ አላልኩህም እኮ።»

ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱንም ሳቅ አምልጦታል።

ሰናይት የአጸደ ልጅ ናት። «እማዬን የመርሳት በሽታ ይዟታል» አለችው። «እኔንም ማን ነሽ ትለኛለች። ምግብ ስናቀርብላት ግን፣ ‹ድንቡሼ ታጥቦ ይምጣ› ብላ ሳህኑን ትገፋለች። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ከአጥሚት በቀር የቀመሰችው የለም። ሐኪሙ ካልበላች አትቆይም ብሎናል።»

«ብታየኝም አታውቀኝ። ድንቡሼ ወፍራም ነበር።»

«እሱን እሷ ትወስን።»

ሄደ ወይ? ሄደ። ግን ከብዶት ነው። ቀረጻ ላይ ሲርበው ከራሷ ምሳ ታጎርሰው የነበረች ሴት ናት። ሃያ ዓመት አልጠየቃትም። ምን ሆኜ ልታየኝ ብሎ፣ አፍሮ ነው የቀረው።

ሲገባ አጸደ ወንበሯ ላይ ናት፤ ምሳው ፊቷ ቀርቧል። እጅ ነሣ። ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «የቧንቧ ሠራተኛው ነህ? ቧንቧው በጓሮ ነው፣ ልጄ» አለችው።

ተስፋው ተቆረጠ። ሊወጣ ዞር ሲል ክንዱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ መታው። መስታወት የማይሰብረው ሰው። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ብትንትን አለ።

ከዚያ ከወንበሩ በኩል ድምፅ መጣ፤ የድሮው ድምፅ።

«ማን ነው የሰበረው?»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሱ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ፊቱን አየች። እግሩ ሥር ያለውን ስብርባሪ አየች። «ድንቡሼ» አለች፤ «ዛሬ ገና አመንክ።» ቀጥላም፣ «በል ታጥበህ ና፣ እንብላ።»

በላች። ከእጁ ጎረሰች። በሽታው ለቀቃት አልላችሁም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ይሄዳል፣ አብረው ይበላሉ። በሌላው ቀን ሰናይት «ድንቡሼ በልቶ ወጣ» ስትላት ታምናትና ትጎርሳለች። ሱቁ ደጃፍ ላይም አንዱ «ድንቡሼ» ብሎ ቢጣራ፣ አሁን «አቤት» የሚል ሰው አለ።

እናንተስ ልጆቼ? ከየትኛው ስማችሁ ነው የምትሸሹት? አንዳችሁ ጎበዝ ተማሪ ነበራችሁ፤ ያሰባችሁት ሳይሆን ቀረ፣ ያስተማሯችሁን ሰው ስታዩ መንገድ ትቀይራላችሁ። አንዷ ትዳሯ ፈርሶባት የአክስቷን ደጅ ከረገጠች ዓመት አልፏታል። እዚያ ቤት ሳህን ፊቱ ቀርቦለት የሚጠብቅ ሰው ቢኖርስ? ምን እንደሆናችሁ ሊቆጥር መሰላችሁ? እናንተን ነው የሚጠብቀው።

እግዚአብሔርም «ማን ነው?» ሲለን ጠፍቶት አይደለም። ስብርባሪው መሀል መቆማችንን እያየ ነው። «እኔ ነኝ» እስክንል ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል ደግሞ ቁጣ አይደለም፤ ታጥበህ ና፣ እንብላ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ አንድ ቀን ብርጭቆ መሰበሩ አይቀርም። ያን ቀን ስብርባሪውን ከመጥረጋችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ይህን ሰው አስታውሱልኝ።