ከግድግዳው በላይ ያለው ጭስ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ስንሻው፣ ፊትህን አታጥቁር፤ ጥያቄህን ሸሽቼ በተረት ልሸነግልህ አይደለም። ነገ በክልሉ ምክር ቤት ስለ ጭስ ግብር እጅህን ልታወጣ ነው። ፋብሪካውም፣ ጡብ ተኳሹም፣ ኖራ አቃጣዩም በሚለቀው ካርቦን ልክ ይክፈል፣ ከልኩ ካለፈም ይታገድ የሚል ሕግ ነው አልከኝ። አንተን ደግሞ የመረጠህ ከሲሚንቶ ፋብሪካው እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ነው። «የኔታ፣ ሰማዩ እንደሆነ አንድ ነው። ጎረቤት ክልል እንደ ልቡ እያጨሰ እኛ ለምን ቀድመን እንከፍላለን?» ብለህ ጠየቅከኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ሰውዬም ይህንኑ ጠይቆ ነበርና ስማኝ።

አንድ ሰው ነበረ፤ በሬ አድላቢ ነው። የሚኖረው ባባቱ ቤት ነበር፤ ቤቱ ግን የሱ ብቻ አልነበረም። አባትየው ሲሞቱ ትልቅ የሣር ቤት ትተው ስለነበር አራቱ ልጆቻቸው ተካፈሉት። ሽማግሌ ጠርተው፣ በገመድ አስለክተው፣ በመካከል የጭቃ ግድግዳ አቆሙ። ግድግዳውን እስከ ሰው ራስ ካደረሱት በኋላ ጭቃ ማቡካት ሰለቻቸው። «ከዚህ በላይ ደግሞ ማን ይቀመጥበታል?» ብለው ተዉት። ከራሳቸው በታች ላለው በስንዝር ሲጣሉ የከረሙ ሰዎች፣ ከራሳቸው በላይ ያለውን የኔ ነው ያለ አልተገኘም።

ታላቅ ወንድማቸው ሀብታም ነበር። አረቄ ያስወጣል፤ በአምስት ምድጃ እሳት ያነድዳል። በሬ አድላቢው ራቱ ከሚበስልበት ምድጃ ሌላ ለበሬዎቹ ባቄላ የሚቀቅልበት አንድ ምድጃ አለው። ሦስተኛው ሸማኔ ነው፤ እሱም ክር የሚያቀልምበት ሁለተኛ ምድጃ አለው። አራተኛዋ ባሏ የሞተባት እኅታቸው ናት፤ እሷ በአንድ እሳት ታድራለች። አሮጊት እናታቸው የሚኖሩት ከእሷ ጋር ነበር። የእሷ ድርሻ በቤቱ ዝቅተኛ ወገን፣ ጣራው በሚያጎነብስበት በኩል ነው።

ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። መውጫ ካጣ ግን ተመልሶ ዝቅ ወዳለው ጥግ ይወርዳል። ትንሽ ጭስ ለሣር ቤት መድኃኒት ነው፤ ተባይ ያርቃል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ክፉ ነው ያለው ሰው አልነበረም። እየበዛ ሲሄድ ሣሩ በጥቀርሻ ተደፈነና ጭሱ መውጫ አጣ። አሮጊቷም ይስሉ ጀመር። ግድግዳው ጣራ ስለማይደርስ ሳላቸው በአራቱም ቤት ይሰማል። ልጆቹ ምሳ ሲበሉ ይሰሙታል። ጉርሻቸውን በእጃቸው ይዘው ይቆያሉ፤ ሳሉ ሲያባራ ይጎርሱታል።

አንድ ቀን በሬ አድላቢው ሊጠይቃቸው ገባና «እማዬ፣ የማንኛችን ጭስ ነው እንዲህ የሚያስልሽ?» አላቸው።

«ጭስ ስም አለው ብለህ ነው፣ ልጄ? ሁላችሁም የኔው ናችሁ» አሉት።

ይህ ንግግር አንጀቱን በላው። ወዲያው ወንድሞቹንና እኅቱን ሰበሰበ። ሕጉን ያመጣው እሱ ነው፤ ይህን ልብ በልልኝ። ለራት የሚነድ አንድ እሳት ነፃ ይሁን፤ ሰው ሳይበላ አያድርም። ከዚያ በላይ ለሚነደው ለእያንዳንዱ እሳት በየሳምንቱ አንድ ሸክም ሣር ይምጣ። በሣሩም በእናታችን ወገን ያለው ጣራ ፈርሶ፣ ጭስ መውጫ ተበጅቶለት እንደገና ይከደን። የራቱን ጨምሮ ከአራት እሳት በላይ ግን ሣሩ ተራራ ቢያክል እንኳ አይፈቀድም፤ ከፍያለሁ ብሎ እናቱን የሚያፍን ልጅ አይኖርም። ይህን አለ። ታላቅየው ጥቂት አጉረመረመና እሺ አለ። ሁሉም በእናታቸው ፊት ማሉ።

ማን ይጀምር የሚለውን ግን ማንም አላነሳም።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ኅዳር ሲገባ ሣሩ ለአጨዳ ደረሰ። በሬ አድላቢው በማለዳ ወንዝ ተሻግሮ አንድ ሸክም አጨደ፤ አስሮ ተሸክሞም ተመለሰ። ደጁ ሲደርስ የታላቅ ወንድሙን ቤት አየ። አምስቱም ምድጃ ይጨሳል፤ በበሩ ላይ አንዲት ዘለላ ሣር የለችም። «ሦስት ሸክም ያለበት ሰው ዝም ብሎ አንድ ያለብኝን እኔን ምን አጣደፈኝ? የኔ ቢመጣስ የሱ ጭስ ይቀንሳል?» አለ በልቡ። ሸክሙንም ወደ ጓዳው አስገብቶ ከጎተራው ጀርባ አኖረው። ሌሎቹ ሲያመጡ አወጣዋለሁ ብሎ ነው።

ሰውዬው ተሳስቷል አልልህም። የአንድ ሰው ሣር ጣራ አይከድንም፤ የአንድ ምድጃ መጥፋትም ያንን ሁሉ ጭስ አያጠራውም። ስሌቱ ልክ ነበር።

ታኅሣሥ አለፈ። በጥምቀት ሰሞን እኅታቸው መጣችና «ወንድሜ፣ ያ የተማማልነው ነገር የት ደረሰ? እማዬን ትንፋሽ እያጠራት ነው» አለችው።

«እኔማ ዝግጁ ነኝ። ጋሼን ጠይቂው» አላት።

ወደ ታላቁ ሄደች። «እኔን ለይተው ሊያደኸዩኝ ነው እንዴ? እነሱ ይጀምሩና እኔ እምቢ ካልኩ ያን ጊዜ ውቀሱኝ» አላት። ወደ ሸማኔው ሄደች። እሱ ደግሞ «ከሁለት ታላላቆቼ ፊት ቀድሜ አላውቅም» አለ፤ ጨዋነት መሆኑ ነው! እሷ የምታመጣው ሣር የለባት፤ እሳቷ አንድ ነው። ተመልሳ እናቷን በደረቷ አስደግፋ ተቀመጠች።

በየካቲት አሮጊቷ ሞቱ።

ብዙ ያሳደጉ፣ ለብዙ ሰው የደረሱ ሴት ነበሩና ለቀስተኛው ከሦስት ወንዝ ማዶ ሳይቀር መጣ። ከቀብር መልስ ከሩቅ የመጣው ሁሉ ማረፊያ አጣ፤ መደቡም አጎዛውም አልበቃ አለ። እኅታቸው በትልቁ በር ላይ ቆመች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። «ለእንግዳ የሚነጠፍ ትንሽ ሣር ያለው ሰው አለ?» አለች።

በሬ አድላቢው ወደ ጓዳው ገባ። ከጎተራው ጀርባ ያለውን ሸክም አንሥቶ እያፈረ ወጣ። ሣር ያለው እሱ ብቻ መስሎታል። ደጅ ሲደርስ ሸማኔው ከራሱ በር አንድ ሸክም ይዞ ሲወጣ አየው። ዞር ሲል ታላቅ ወንድማቸውም ወጥቷል፤ ከኋላው ሠራተኞቹ ሦስት ሸክም ይዘው ይከተሉታል። ሁሉም በኅዳር የታጨደ ሣር ነው። የአንዱም እንኳ ማሰሪያ አልተፈታም።

ሦስቱ ወንድማማቾች ሣራቸውን እንደያዙ ተያዩ። እኅታቸው ቀረብ አለችና አንዱን ሸክም በእጇ ዳሰሰችው።

«ሣሩ ነበር እንዴ?» አለች።

ወንድማማቾቹ ማሰሪያውን ፈትተው ሣሩን አነጠፉ። እንግዶቹም በዚያ ሣር ላይ ተኙ፤ የእናታቸው ጣራ ምንጣፍ ሆነ።

ከተዝካሩ በኋላ ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ማንም ማንንም አልጠበቀም። ታላቅየው አምስተኛውን ምድጃ በገዛ እጁ አፈረሰው። በሬ አድላቢው በየሳምንቱ ወንዝ እየተሻገረ ይሸከም ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ትከሻው ሲላጥ ነው ዘዴው የታየው። ራቱ በሚበስልበት ምድጃ ጎን የባቄላው ማሰሮ የሚጣድበት ቦታ አበጀ፤ ሁለቱም በአንድ እሳት በሰሉ። ሁለተኛው እሳት ቀረ፤ ሸክሙም ቀረ። ይህን በጥቅምትም ሊያስበው ይችል ነበር፤ ግን ያልከበደው ሰው ምን ያሳስበዋል? ታላቅ ወንድሙም መጥቶ አየና ዘዴውን ወሰደበት፤ ማገዶ ይቆጥባላ! ጣራው ታደሰ፤ ጭስ መውጫም ተበጀለት። ያ ዝቅተኛ ጥግ ዛሬ ከቤቱ ሁሉ አየሩ የጠራ እሱ ነው። የሚተኛበት ግን የለም።

እንግዲህ ስንሻው፣ ያ ቤት ይህችው ምድር ናት። ክልልህ ከክፍሎቹ አንዱ ነው። ወሰናችሁን በካርታ ላይ በሜትር ትለካላችሁ፤ ግድግዳችሁ ግን ከሰው ራስ አያልፍም። ያ ዓይን የማያየው ካርቦን ከማን ጭስ ማውጫ እንደ ወጣ ስሙን አይነግርህም። መከራው የሚወርደውም ብዙ ካነደደው ይልቅ በዝቅተኛው ጥግ ባለው ላይ ነው። ዝናብ የቀረበትን ገበሬ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ሕዝቤ እንጀራውን ያጣል ብለህ ትፈራለህ። ፍራ፤ ፍርሃትህ ተገቢ ነው። እንግዲያው የድሃውን የራት እሳት ነፃ አድርግ፤ ሣሩም ለጣራው እንጂ ለሌላ እንዳይውል በሕጉ ውስጥ አስገባ። ፋብሪካውም ትከሻው ሲላጥ ዘዴ ይፈልጋል። ማን ይቅደም የሚለውን ግን ሁለተኛ አትጠይቀኝ። ይህ ረቂቅ ከተጻፈ ሁለት ዓመቱ እንደሆነ፣ ለነገው ጉባኤ እስኪጠራ ድረስም በመሳቢያህ ተቆልፎበት እንደ ከረመ ቅድም በገዛ አፍህ ነግረኸኛል። ጎረቤትህስ የራሱን ጽፎ፣ ከጎተራው ጀርባ አስቀምጦ፣ ያንተን ደጅ እያየ እንዳልሆነ በምን አወቅህ?

በል ተነሥ፣ ሂድ። ሣርህን አውጣና ሁሉም በሚያየው በር ላይ አኑረው። አለዚያ አንድ ቀን ልጆችህ ትንፋሽ ሲያጥራቸው መሳቢያህን ከፍተው ያንን ወረቀት ያገኙታል። የሚጠይቁህ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ መልሱን እኔም አላውቀውም።

«ነበር እንዴ?» ይሉሃል።