ጨው የተነሰነሰበት ፋጉሎ

ጠጋ በሉ። ማሳል የሚፈልግ ውጭ ወጥቶ ስሎ ይምጣ፤ እኔ ስናገር ዝንብም አትጮህም። አንሙት፣ አንተ ፊት ለፊቴ ተቀመጥ። ይህ የእህቴ ልጅ ለላሞቹ የገዛው የኑግ ፋጉሎ ዝናብ ገብቶበት ሻግቷል። «ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሻጋታውን ባራግፈው፣ ቢበሉት ምን ይላቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። የከብት ሐኪሙ «ቅበረው» ብሎታል። ሐኪሙ አልጣመውም፤ ከአራተኛ ክፍል የተባረረ አጎቱ ዘንድ መጣ። ይሁን፣ ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ሴት ልጁ በወሊድ ሞታበት ሕፃኗን የሚያሳድገው እሱ ነው። ለሕፃን የአንድ ላም ወተት ይስማማል ብሎ አንዷን ላም ለእሷ ለየላት። ከሌሎቹ አብልጦ የሚቀልባትም ያቺን ላም ነበር።

ክረምት ላይ ፋጉሎው ሻገተ። መጣሉ አሳዘነው። አሰጣው፣ በመጥረጊያ ጠረገው፣ አረንጓዴው አቧራ ለቀቀ። ለላሟ አቀረበላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ጎኗን መታ መታ አድርጎ ደግሞ አቀረበላት፤ እምቢ አለች። ቤት ገብቶ ጨው ይዞ ወጣና ነሰነሰበት። ላሟ ጨውን ላሰች፤ ስትልስ ስትልስ ፋጉሎውንም በላችው። «ይኸው፣ ደህና ነው ማለት ነው» አለ ሰውየው።

ወተቱ እንደ ወትሮው ነጭ ነበር። ለሕፃኗ አፍልቶ ነው የሰጣት፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። እየቆየ የላሟ ፀጉር ቆመ፣ ከሳች፣ ጽንሷም ወረደ። የሕፃኗ ሆድ ተነፋ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ቡዳ ነው ብሎ ጠበል ለጠበል ሲያንከራትታት ከረመ። ሐኪም ቤት ሲደርስ «ላሟ ምን ትበላለች?» አሉት። የሻጋታ መርዝ በፀሐይ አይጠፋም፣ ወተቱን ብታፈላውም አይለቅም አሉት። የሕፃኗ ጉበት አልቆ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሰው «እግዜር ያመጣው ነው» ሲለው፣ እሱ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ላሟ ነግራኝ ነበር።»

እንግዲህ አንሙት፣ ሰውየው አንተ ነህ። ልዩነታችሁ አንድ ነው፤ ልጅህ ያቻት፣ እናቷ ጭን ላይ ጡጦዋን ይዛ ትስቃለች። ላሟ ሐኪሙ ነው፤ እምቢ ብሎሃል። እኔ ዘንድ የመጣኸው ምክር ፈልገህ አይደለም። እምቢታው ላይ የምትነሰንሰው ጨው ፈልገህ ነው።

ምን አልክ? ሰፈሩ ሁሉ ያበላል? አንዴ ብቻ ይሁን ልበልህ?

ጨው የለኝም። አካፋው ከበሩ ኋላ ነው።