ድንኳኑ የተተከለበት የአበባ ቦታ

አንዲት ሴት ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ተከራይታ ኖረች። አከራዮቿ ደጎች ነበሩ፤ አንድ ነገር ብቻ አይፈቅዱላትም፤ መሬት መቆፈር። ስለዚህ ሌላው ሰው ስለ ዘመድና ስለ መንገድ ሲያልም፣ እርሷ አፈር ታልም ነበር። በሕልሟ እጇን ጥቁር አፈር ውስጥ ትከታለች። አፈሩ ይሞቃል። እጇን ስታወጣ በየጣቷ ጫፍ ቅጠል በቅሎ ታገኛለች።

አንድ ቀን የኮንዶሚኒየም እጣ ወጣላት። ምድር ቤት ነው። ከበሯ ፊት ለፊት የሕንጻው ሰው ሁሉ የሚጋራው ባዶ መሬት አለ፤ ፌስታል የሚንከባለልበት፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ ሰው ሲዳር ወይም ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት።

ምን ያደረገች ይመስላችኋል?

ተከለች። መጀመሪያ ከበሯ ሥር ጤና አዳም፣ ከዚያ ናና፣ ከዚያ ጽጌረዳ። አበባው እየሰፋ ሲመጣ በሽቦ አጠረችው። ለአጥሩ በር፣ ለበሩም ቁልፍ አበጀችለት። የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትታ፣ በሥርዓት ጠቅልላ፣ ደረጃው ሥር አስቀመጠችው።

ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ወይዘሮ ዘውድነሽ እርጥብ አንሶላ በሳፋ ይዛ ወረደች።

«ገመዱስ?»

«ሳሙናው ችግኙ ላይ እየተንጠባጠበ አስቸገረኝ እኮ፣ እትዬ ዘውድነሽ።»

«መሬቱ የሁላችን ነው።»

«የሁላችን በነበረ ጊዜ ያበቀለው ፌስታል ነው።»

ዘውድነሽ ሳፋውን ወደ ወገቧ ከፍ አደረገች። «ጥሩ። ቀባሪሽም አበባሽ ይሁና» አለችና ደረጃውን ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህች ሴት ክፉ አልነበረችም። ማለዳ ማለዳ ውኃ ስታጠጣ ፀሐይዋ በየጠብታው ውስጥ ትሰባበራለች፤ እርሷም ከሕልሟ ገና ያልነቃች ይመስላታል። የጎረቤቶቿ ኮቴ ከሽቦው ማዶ ያልፋል። ትሰማዋለች፤ ግን ሩቅ አገር እንደሚዘንብ ዝናብ ነው የምትሰማው። «እንደምን አደርሽ» የሚላት ሰው እያነሰ መሄዱን አላስተዋለችም። ጣፋጭ ሕልም ላይ ያለ ሰው የጎደለውን ይቆጥራል እንዴ?

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለተኛ ፎቅ ጩኸት ተሰማ። የዘውድነሽ እናት፣ እማማ ወለላ፣ አርፈው ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ለቀስተኛው ሳይመለስ ድንኳኑ መቆም አለበት።

ሴትየዋ የመስኮቷን መጋረጃ በእጇ ገለጥ አድርጋ ወደ ውጪ አየች። የእድሩ ሰዎች የተጠቀለለውን ሸራ ተሸክመው መጥተው ከሽቦው ዘንድ ቆሙ። ከፊት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ አጠገባቸው ድንኳን ተካዩ ደርቤ።

«እዚሁ ነበር የምንተክለው» አለ ደርቤ።

«ነበር» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

«እንጠይቃት?»

«ተዋት። ቆሻሻ መጣያው ጎን ቦታ አለ።»

«እዚያ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው እንዴ የሚያለቅሰው?»

«ተዋት አልኩህ። አበባዋን ነው የምትወደው።»

በቁጣ አልተናገሩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የማያውቀውን ሰው በር ላለማንኳኳት እንደሚጠነቀቅ መንገደኛ ነው የተናገሩት። ቢሰድቧት መልስ ነበራት። ቢጠይቋት ምናልባት ትከራከራቸው ነበር። «ተዋት» ለሚል ሰው ግን ምን ይመለስለታል?

ወገኖቼ፣ ተሰድባችሁ ታውቃላችሁ። ስድብ ያልፋል። ሰው ትቷችሁስ ያውቃል?

መጋረጃውን መልቀቅ ትችል ነበር። ማንም አይወቅሳትም፤ ከእርሷ የጠበቀ የለማ። ጽጌረዳው እምቡጥ ይዟል። የሃያ ሁለት ዓመት ሕልሟ እዚያ ሽቦ ውስጥ ቆሟል። ከሽቦው ማዶ ደግሞ የሰዎቹ ጀርባ ወደ ቆሻሻው እየራቀ ነው። ያ ጀርባ ከራቀ ዳግመኛ ወደ እርሷ እንደማይዞር ገባት።

ቁልፏን ይዛ ወጣች።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ወዴት ነው?»

«ግዴለም፣ ቦታ አግኝተናል። አንቺ አትቸገሪ።»

«ድንኳኑ ስንት ቋሚ አለው?»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩአት። «ስምንት» አሉ።

በሩን ከፍታ ስምንቱ የሚያርፉበትን በዓይኗ ለካች። ደርቤ ገብቶ በእግሩ ምልክት እያደረገ ዞረና መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄኛው ጽጌረዳው ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ድንጋይ ፈንቅዬ፣ አስፋልት ሰብሬ ድንኳን ተክያለሁ። አበባ ግን እጄ እሺ አይለኝም።»

«እንግዲያው አንተ ሽቦውን አንሳልኝ» አለችው። ተንበርክካ ጽጌረዳውን ራሷ ነቀለችው። እሾሁ መዳፏን ቧጨራት።

ለቀስተኛው ከቀብር ተመለሰ። ፀሐይ በነጩ ሸራ ውስጥ አልፋ እንደ ወተት ፈሰሰች። ሰው ሁሉ ያን ናና እየረገጠ ገባ፤ በተረገጠ ቁጥር ሽታው ከመሬት እየተነሣ ድንኳኑን ሞላው። የለቅሶውም የወሬውም ድምፅ ከውኃ በታች የሚመጣ ይመስል ነበር። ዘውድነሽ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ መሬቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች።

በማግስቱ ዘውድነሽ ሴትየዋን ዳር ላይ እንደቆመች አየቻት።

«የጽጌረዳው ቦታ ይሄ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ ነይ ተቀመጪበታ። ምን ያቆምሻል?» አለችና በአግዳሚው ላይ ጠጋ አለችላት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። ጽጌረዳው በማግስቱ አቆጠቆጠ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አላቆጠቆጠም። ሴትየዋ እጇን አጣጥፋ የተጠቀጠቀውን መሬት አየች፤ ማንም በሌለበትም ለጽጌረዳዋ አለቀሰችለት። ናናው ናና ነውና ተመለሰ። ነገር ግን ከደረጃው እስከ በሯ ድረስ የለቀስተኛው እግር ያወጣው ጠመም ያለ መንገድ ቀረ። አንዴ ቆፍራ ልታለሰልሰው ዶማ አነሣች። ከዚያ ተወችው። ዳርና ዳሩን ድንጋይ ደረደረችበት፤ አበባውንም መንገዱን ተከትላ እንደ አዲስ ተከለች። ሽቦውን አልመለሰችም። ዛሬ አንድ ችግኝ ከመትከሏ በፊት የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰው በየት ያልፋል?

እናንተም ቤት ትሠራላችሁ፤ ግቢ ታሳምራላችሁ። አሳምሩ። አጥር አትጠሩ አላልኩም፤ አበባ ውደዱ፣ በርም ይኑራችሁ። ግን ጎረቤታችሁ ድንገት ቢቸገር፣ ሰዎች ከበራችሁ ፊት ቆመው ስለ እናንተ ምን ይሉ ይሆን? አትሰሙትም። እንዲህ ያለው ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚባለው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁላችንም እንደ እርሷ መስኮት አጠገብ ላንገኝ እንችላለን።

ስለዚህ እስክትጠየቁ አትጠብቁ። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት፣ ሰላም ያላላችሁትን የአንዱን ጎረቤት በር አንኳኩ። ግራ ይገባው ይሆናል፤ ይግባው። «ሲቸግራችሁ የእኔ ግቢ አለ» በሉት። ያመነ እንደሆነ እሰየው። ያላመነ እንደሆነ፣ ነገም ሂዱና አንኳኩ።